ከተማ ሲሰፋ ምን ይቅደም? ለአፍሪካ መካከለኛ ከተሞች የማስፋፊያ አማራጮች ንጽጽር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትንበያ መሠረት በአፍሪካ ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ በዚያ ዓመት ከነበረበት 550 ሚሊዮን ገደማ ተነሥቶ በ2050 ወደ 1.5 ቢሊዮን ይጠጋል። የኢትዮጵያ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲም በ2012 እ.ኤ.አ. 15.2 ሚሊዮን የነበረው የአገሪቱ የከተማ ነዋሪ በ2037 ወደ 42.3 ሚሊዮን ከፍ እንደሚል ገምቷል። ይህ ሕዝብ ሁሉ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ሌጎስ አይገባም፤ ብዙው የሚሰፍረው እንደ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ባሉ ከተሞችና ከእነርሱም ባነሱ፣ በጀታቸው ጠባብ፣ ባለሙያቸው ጥቂት በሆኑ ከተሞች ዳርቻ ነው። ከተማው መስፋቱ እንደማይቀር የተቀበለ አስተዳደር ቀጥሎ የሚገጥመው ጥያቄ ያለውን ገንዘብና የሰው ኃይል በቅድሚያ በየትኛው ሥራ ላይ ያውል የሚለው ነው።

በአህጉሩ በተግባር የተሞከሩት መንገዶች በአምስት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ሰው ከመስፈሩ በፊት በከተማው ዳር የዋና መንገዶችን መረብ ቀይሶ መሬቱን ማስከበር፣ ሁለተኛው መሠረተ ልማት የተዘረጋለት ቦታ ሸንሽኖ ቤቱን ነዋሪው እንዲሠራ መስጠት፣ ሦስተኛው መንግሥት ራሱ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎችን መገንባት፣ አራተኛው ከነባሩ ከተማ ርቆ አዲስ ከተማ መቆርቆር፣ አምስተኛው ደግሞ ያለውን ሰፈር ማሻሻልና መሃሉን ማጠጋጋት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከወዲሁ ቢታወቅ ለአንባቢ ይጠቅማል፦ ለመካከለኛ ከተማ መቅደም ያለበት የመጀመሪያው ነው፤ ሆኖም መሬቱን የሚለቀው ገበሬ የልማቱ ተካፋይ ካልሆነ እርሱም ቢሆን ካርታ ላይ ብቻ ይቀራል።

ከንጽጽሩ በፊት የሚሠራ ስሌት

አማራጮችን ከመመዘን በፊት ከተማው ምን ያህል መሬት እንደሚያስፈልገው ማወቅ ይገባል፤ በብዙ ቦታ የሚዘለለውም ይህ ነው። ለምሳሌ 300,000 ነዋሪ ያለው ከተማ በዓመት 4 በመቶ ቢያድግ በ18 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፣ በ30 ዓመት ደግሞ ወደ 970,000 ይደርሳል። ዛሬ በአንድ ሄክታር በአማካይ 100 ሰው የሚኖርበት ከሆነ የያዘው መሬት 3,000 ሄክታር ነው። ጥግግቱ ባለበት ቢቀጥል ከ30 ዓመት በኋላ 9,700 ሄክታር ይበቃው ነበር። ነገር ግን ገቢ ሲያድግና መጓጓዣ ሲሻሻል ቤተሰብ ሰፋ ያለ ቦታ መፈለጉ፣ ፋብሪካውም ትምህርት ቤቱም ቦታ መሻታቸው ስለማይቀር ጥግግቱ በዓመት 1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ እንኳ የሚያስፈልገው ወደ 13,000 ሄክታር ይሆናል፤ ይኸውም ዛሬ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው።

ይህን ቁጥር የከተማ ምክር ቤት ፊት ማቅረብ ቀላል አይደለም። «ይህን ያህል የእርሻ መሬት ልትበሉ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይነሣል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ግን ቁጥሩን በማሳነስ አይገኝም። በኢትዮጵያ የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የከተማውን ጠቅላላ የልማት አቅጣጫ የሚወስነው መዋቅራዊ ፕላን የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው። ለ10 ዓመት ብቻ የታሰበ ዳርቻ ግን ብዙ ጊዜ ዘመኑ ሳያልቅ ይሞላል፤ ከወሰኑ ውጭ ያለው መሬት ያለ ፕላን የሚሸነሸነውም ያኔ ነው። ስለዚህ መዋቅራዊ ፕላኑ በሕጉ መሠረት የ10 ዓመት ሆኖ ሳለ የዋና መንገዶቹ መስመር ግን የ30 ዓመቱን ስፋት ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል።

አማራጮቹ የሚመዘኑባቸው ጥያቄዎች

እያንዳንዱን አማራጭ በአራት ጥያቄዎች መመርመር ይበጃል። ወጪውን ማን ይሸፍነዋል፣ ከየትስ ይመጣል? ስሕተት ከተፈጠረ በኋላ ማረም ይቻላል? በቀን ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ ሊደርስበት ይችላል? መሬቱን የሚለቀው ሰውስ ምን ያገኛል?

ከአራቱ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመጨረሻው ነው፤ ዋጋው ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ግን በአገራችን ታይቷል። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞችን አንድ ላይ ያቀደው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በ2014 እ.ኤ.አ. ተቃውሞ አስነሣ፤ ተቃውሞው ተስፋፍቶ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ፕላኑ መሰረዙ ተነገረ። በሙያ ዓይን ሲታይ የውኃ፣ የመንገድና የቆሻሻ ማስወገጃ ሥራዎችን ከአስተዳደር ወሰን በላይ ማቀናጀት አስፈላጊ ነበር። ሆኖም ይዞታው የሚወሰድበት ገበሬ በውይይቱ ውስጥ ቦታ ያልተሰጠው፣ የማንነትና የአስተዳደር ወሰን ጥያቄውም መልስ ያላገኘ በመሆኑ የቴክኒክ ጥራቱ ፕላኑን ሊያድነው አልቻለም።

የዋና መንገዶች መረብን አስቀድሞ መቀየስ

በ2013 እ.ኤ.አ. ገደማ የከተማ ልማትን የሚመራው የኢትዮጵያ ሚኒስቴር ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በሐዋሳ፣ በባሕር ዳር፣ በአዳማና በመቀሌ የጀመረው የማስፋፊያ ሥራ የዚህ አማራጭ ዋነኛ የአፍሪካ ምሳሌ ነው። ሐሳቡን ያራመዱት የከተሞችን መስፋፋት ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ሽሎሞ ኤንጀል ሲሆኑ፣ አካሄዱ ሆን ተብሎ ቀላል እንዲሆን ተደርጓል። የ30 ዓመቱ የመሬት ፍላጎት ይሰላል፤ ለመስፋፋት የሚመች አቅጣጫ ይመረጣል፤ 30 ሜትር ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች ቢበዛ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ተቀይሰው መሬታቸው ይያዛል፤ ረግረጉ፣ የወንዙ ዳርና ተዳፋቱ ደግሞ ሳይነካ እንዲቆይ ይከለላል።

የ1 ኪሎ ሜትር ርቀት የተመረጠው በምክንያት ነው። በመረቡ ውስጥ የትም ቢሆን የሚኖር ሰው ከአንዱ ዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ ስለማይርቅ ታክሲም ሆነ አውቶቡስ በአጭር የእግር መንገድ ያገኛል ማለት ነው። የመሬት ፍጆታውም የሚፈራውን ያህል አይደለም። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ማለትም ከ100 ሄክታር ውስጥ ዙሪያውን የሚያዋስኑት መንገዶች በድርሻው የሚወስዱበት 6 ሄክታር ያህል ብቻ ነው። ከተማው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማስፈጸም ያለበትም ይህን 6 በመቶ ማስከበር ነው እንጂ 100ውን ሄክታር ማልማት አይደለም። አስፋልቱም፣ ኮብልስቶኑም፣ መብራቱም በኋላ ሊመጡ ይችላሉ፤ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት ቀያሽ፣ ችካል፣ ግሬደር የጠረገው የአፈር መንገድና ካሳ ናቸው።

ርካሽነቱ የሚታወቀው ከተቃራኒው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሰው ከሰፈረ በኋላ 30 ሜትር መንገድ ማውጣት ቤት ማፍረስን፣ ለግንባታና ለይዞታ ካሳ መክፈልን፣ ምትክ ቦታ መስጠትን፣ ከዚያም በላይ ዓመታት የሚፈጅ ክርክርን ያስከትላል። ዋናው የውኃ መስመርና የጎርፍ ማፋሰሻው የሚሄዱት መንገዱን ተከትለው በመሆኑ መንገድ የሌለው ሰፈር ሌላውንም ያጣል። የባሕር ዳር ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም፤ ዛሬ ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጀርመን ባለሙያዎች በተዘጋጀው ፕላን ሲቀየሱ ለያኔዋ ትንሽ ከተማ የማያስፈልግ ቅንጦት መስለው ሊታዩ ይችሉ ነበር። ሕንፃ ይፈርሳል፣ ይቀየራል፤ አንዴ በሕዝብ እጅ የገባ የመንገድ መስመር ግን ለትውልድ ይቆያል።

ድክመቶቹም መታወቅ አለባቸው። ቀጥ ያለ መረብ ለሜዳ ይስማማል፤ በኮረብታ ለተከበበችና ከላይ ጎርፍ ለሚወርድባት አዳማ ግን መስመሩ ከመሬቱ አቀማመጥ ጋር መታጠፍ አለበት። በሐዋሳና በባሕር ዳር ሐይቁ አንዱን አቅጣጫ ስለሚዘጋ ረግረጉን መከለል ከመንገዱ እኩል ይመዘናል፤ ዛሬ በበጋ ደረቅ የሚመስለው የሸንበቆና የደንገል መሬት በክረምት ውኃ የሚያቆር፣ ወደ ሐይቁ የሚገባውንም ደለል የሚያጣራ ነውና። በተጨማሪም መረቡ የሚወስነው ትልልቁን መስመር ብቻ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ቦታ እንዴት እንደሚሸነሸን ክፍት ይተወዋል። ብዙ ጊዜ መስመሩ ከከተማው አስተዳደር አልፎ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስለሚገባም ከወረዳው ጋር አስቀድሞ ካልተስማሙ ቀያሹ ችካሉን ይዞ ይመለሳል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ካሳ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ገበሬው የሚካሰው ለመሬቱ ዋጋ ሳይሆን በላዩ ላይ ላለው ንብረትና ለሚያጣው ምርት ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ይዞታውን ለዘለቄታው የሚለቅ ሰው ይከፈለው የነበረው የ5 ዓመት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ከፍ አድርጎ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። መሻሻሉ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬው ያንኑ መሬት ከተማው በሊዝ ጨረታ በስንት እንደሚያስተላልፈው እያየ ነው፤ ደላላውም በጎን ከካሳው የበለጠ ሊሰጠው ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። በመንገዱ መስመር ላይ በአንድ ሌሊት ጨረቃ ቤት የሚበቅለው ከዚህ ልዩነት ነው፤ ደንብ አስከባሪ በማብዛት ብቻም አይቆምም።

የሚሻለው የመንገዱን መሬት የሚሰጠው ገበሬ ቀሪው ይዞታው በፕላን ተሸንሽኖ የተወሰነው ድርሻ ለእርሱና ለልጆቹ እንዲጸና ማድረግ ነው። በህንድ የጉጃራት ግዛት ከተሞች ለረጅም ዘመን የሠሩበት፣ በአንጎላዋ ሁዋምቦም የተሞከረው የመሬት መልሶ ማደራጀት ዘዴ በዚህ መርህ ላይ የቆመ ነው፤ ባለይዞታው ከመሬቱ ከፊሉን ለመንገድና ለሕዝብ መገልገያ ይለቃል፣ የቀረለት ደግሞ መንገድ ስለደረሰው ዋጋው ይጨምራል። በኢትዮጵያ የሊዝ ሥርዓት ውስጥ ይህን ለመፈጸም የክልል ደንብና የፖለቲካ ፈቃድ ያስፈልጋል። ያለ እርሱ ግን አንደኛው አማራጭ ግማሽ ነው።

የተሸነሸነና አገልግሎት የደረሰው ቦታ

ይህ አማራጭ ከመጀመሪያው ጋር የሚሄድ እንጂ የሚፎካከር አይደለም፤ መረቡ ትልቁን መስመር ሲያወጣ ይህኛው በመካከሉ ያለውን ቦታ ይሞላል። የዓለም ባንክ በ1972 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የዚህ ዓይነት ብድር ለሴኔጋል ሰጥቶ በዳካር ፓርሴል አሴኒ የተባለው ሰፈር ተመሠረተ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ በናይሮቢ ዳንዶራ 6,000 ቦታዎች ውኃና ፍሳሽ እንዲደርሳቸው ታስቦ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ተዘጋጁ። ባንኩ በኋላ ዘዴውን ተወው፤ በዘመኑ የተነገረው ምክንያት ወጪው አልተመለሰም፣ የታሰበለትም ድሃ በቦታው አልቆየም የሚል ነበር።

ጊዜ ግን ፍርዱን አሻሽሎታል። በሰባት የታንዛኒያ ከተሞች በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በባዶ መሬት ላይ የተሸነሸኑ 12 ሰፈሮችንና ከተሰፈረባቸው በኋላ መሠረተ ልማት የገባላቸውን 12 ሰፈሮች ያነጻጸረ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከአሥርት ዓመታት በኋላ ግልጽ ልዩነት አግኝቷል። አስቀድመው የተሸነሸኑት ሰፈሮች በተሻለ ጥራት የተሠሩ ትልልቅ ቤቶች፣ የተሻለ የመንገድ አደረጃጀትና ከፍ ያለ የመሬት ዋጋ አላቸው፤ በኋላ የተሻሻሉት ግን በአጠገባቸው ካሉት ፕላን አልባ ሰፈሮች ብዙም አይለዩም። በዳሬሰላም ሲንዛንና ማንዜሴን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ያለ ጥናቱም ይረዳዋል። ጥናቱ አንድ የማይመች እውነትም ይዟል፦ በተሸነሸኑት ሰፈሮች የተሻለ ትምህርትና ገቢ ያላቸው ሰዎች ገብተዋል። ይህ ማለት ሽንሸናው ቤት ለሌለው ሁሉ ያደረሰው ጥቅም በቀጥታ አልነበረም።

መፍትሔው የቦታውን ስፋት ማሳነስና ብዛቱን መጨመር ነው። ገበያው እስኪጠግብ ድረስ ቦታ ካልቀረበ የተሻለ ገቢ ያለው ከድሃው ላይ መግዛቱ አይቀሬ ነው። በክልል ከተሞቻችን በቤት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል የሚሰጠው ቦታ የዚሁ አማራጭ የአገር ውስጥ መልክ ነው፤ አባላቱ ተደራጅተውና በዝግ ሒሳብ ገንዘብ አስይዘው በምደባ ቦታ ያገኛሉ፣ ቤታቸውንም ራሳቸው ይሠራሉ። አሠራሩ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። በቅድሚያ የሚጠየቀው ተቀማጭ የጉልት ነጋዴዋንና የቀን ሠራተኛውን ከወዲሁ ያስቀራል፤ ቦታው ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድና ውኃ ሳይደርሰው ስለሚከፋፈል ካርታ የያዘው አባል ለዓመታት ሜዳ ላይ ችካሉን እየጠበቀ ይኖራል። ዋና መንገዱ አስቀድሞ ከተከፈተ ሁለተኛው ቀዳዳ ይደፈናል፤ የመጀመሪያውን ለመድፈን ግን ከ100 ካሬ ሜትር በታች የሆኑ ቦታዎችን መፍቀድና በአንድ ክፍል ጀምሮ ቀስ በቀስ መሥራትን እንደ ጥፋት አለመቁጠር ያስፈልጋል።

የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት

የአዲስ አበባን ያህል ይህን አማራጭ በስፋት የሞከረ ከሰሐራ በታች ያለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከቦሌ አራብሳ እስከ ኮዬ ፈጬ የከተማዋን መልክ ለውጧል፤ በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ደግሞ በ10/90፣ በ20/80ና በ40/60 መርሐ ግብሮች (የመጀመሪያው ቁጥር ተመዝጋቢው የሚቆጥበው፣ ሁለተኛው በብድር የሚሸፈነው መቶኛ ነው) ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተሰልፏል። የዚህ አማራጭ ጥንካሬ የሚካድ አይደለም። መሬትን በፎቅ ስለሚጠቀም ጥግግቱ ከፍተኛ ነው፤ ለብዙ ሺህ ወጣቶች የግንባታ ሙያ አስተምሯል፤ ዕጣው የወጣለት ቤተሰብም በዕድሜ ልኩ ሊያገኘው የማይችለውን ሀብት ይዟል። እግረ መንገድ ሳይነገር የማይታለፈው ደግሞ በየሳይቱ የተሠራው የጋራ ቤት ነው፤ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ቦታ ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው የነዋሪውን ኑሮ ያውቅ ነበር።

ይሁን እንጂ ወጪው የሚሸፈነው በመንግሥት ቦንድና በንግድ ባንክ ብድር ነው፤ ተጠቃሚውን የሚወስነውም ዕጣ ነው። ቅድመ ክፍያውንና ወርሃዊ ክፍያውን ያልቻለ ባለዕድል ቤቱን አከራይቶ እርሱ በሌላ ሰፈር በርካሽ ኪራይ ይኖራል፤ በዳርቻ ሳይት የሚኖረው ደግሞ ጊዜውም ገንዘቡም በትራንስፖርት ያልቃል። በኮዬ ፈጬ በ2011 ዓ.ም. ዕጣ ሲወጣ የተነሣው ውዝግብ መሬቱን የለቀቁት ገበሬዎች ጥያቄ ሳይፈታ ፎቅ መቆሙ ምን እንደሚያስከትል አሳይቷል። የአንጎላዋ ኪላምባ የሌላ አገር ምስክር ናት። ከሉዋንዳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በቻይና ኩባንያ የተገነባችው ይህች ከተማ በ2011 እ.ኤ.አ. ተመርቃ ለረጅም ጊዜ ባዶዋን ቆመች፤ ሰው የገባው መንግሥት በ2013 ዋጋውን በእጅጉ ከቀነሰ በኋላ ነው።

ለመካከለኛ ከተማ የሚሰጠው ምክር ስለዚህ ቁጥብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከራሱ ገቢ ሊሸፍነው የማይችለውን ግንባታ አይጀምር። ከጀመረም ከመረቡ ዳር ሳይሆን ለሥራና ለገበያ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ትንሽ በትንሽ ይሥራ። ፎቅ አንዴ ከቆመ ስሕተቱን ለማረም አይመችምና ከአማራጮቹ ሁሉ ለመመለስ የሚከብደው ይህና ቀጥሎ ያለው ናቸው።

አዲስ ከተማ መቆርቆር

በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ናይጄሪያ በ1976 እ.ኤ.አ. አቡጃን ለመቆርቆር ወስና በ1991 መዲናዋን ስታዛውር የነዳጅ ገቢ ነበራት፤ ያም ሆኖ ቤት የሚከራዩበት አቅም ያጡት ሠራተኞች ከፕላኑ ውጭ ወደ ኒያንያና ካሩ ሄደው ሰፈሩ። ኬንያ ከናይሮቢ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የመሠረት ድንጋይ በ2013 እ.ኤ.አ. የጣለችላት ኮንዛ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎም የታሰበውን ያህል ነዋሪ አላገኘችም። ግብፅ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በምድረ በዳ ብዙ አዳዲስ ከተሞችን ብትሠራም አብዛኛው የካይሮ ጭማሪ የሰፈረው በእርሻ መሬት ላይ ያለ ፈቃድ በቆሙ ቤቶች ነው። አዲስ ከተማ የማዕከላዊ መንግሥት ፕሮጀክት ነው፤ የአንድ ክልል ከተማ ከንቲባ ይህን በዕቅዱ ቢያስገባ ከዳርቻው ችግር ትኩረቱን ከማንሣት በቀር ትርፍ አይኖረውም።

ያለውን ማሻሻልና ማጠጋጋት

ዳርቻው አስቀድሞ የተያዘበት ከተማ ይህን አማራጭ መዝለል አይችልም፤ የማፍረስ ፈተናውም ትልቅ ነው። በአዲስ አበባ ልደታና አራት ኪሎ ሲፈርሱ፣ በቅርቡም በኮሪደር ልማት ፒያሳና አካባቢዋ ሲነሡ ከተማዋ ሰፋ ያለ መንገድ፣ የእግረኛ መሄጃና ንጹሕ ገጽታ አግኝታለች። ከሰፈሩ ጋር አብሮ የተበተነው ግን በግምት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም፦ እድሩ፣ ዕቁቡ፣ ልጅ የምትጠብቅ ጎረቤት፣ በዱቤ የሚሰጥ ሱቅ፣ ቤት አጠገብ ያለ ጉልት። እነዚህ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የገቢ ምንጮች እንጂ ትዝታዎች ብቻ አይደሉምና ምትክ ቤት የተሰጠው ሰው እንኳ ይደኸያል።

በናይሮቢ የተሞከረው ሌላ መንገድ አለ። ከ100,000 ያላነሰ ቤተሰብ ይኖርበታል የሚባለው ሙኩሩ በ2017 እ.ኤ.አ. ልዩ የፕላን ቀጠና ተብሎ ከታወጀ በኋላ ነዋሪዎች በየቀጠናቸው ተደራጅተው ከዩኒቨርሲቲና ከካውንቲው ባለሙያዎች ጋር ፕላኑን አዘጋጅተዋል። ከውይይቱ የተገኘው ዋና ነገር የመንገድ ስፋት መመዘኛውን ከሰፈሩ ጋር ማስማማት ነበር፤ በመደበኛው መመዘኛ ቢሠራ ብዙ ቤት ይፈርስ የነበረበትን ቦታ በጠባብ መንገድ ማለፍ ተችሏል። ለእኛ ከተሞችም ሰፈሩ ለተያዘ ቦታ የ30 ሜትሩን መስመር በግድ መጫን አይመከርም። እሳት አደጋ መኪና የሚያስገባ መንገድ፣ የጎርፍ ማፋሰሻና የውኃ ቦኖ ካገኘ ሰፈሩ ቀሪውን በራሱ ጊዜ ያሻሽላል፤ ይዞታው በካዳስተር፣ ማለትም በሕጋዊ የመሬት መዝገብ፣ ተመዝግቦ እንደማይፈርስ ካወቀ ደግሞ ጭቃ ቤቱን በብሎኬት ለመተካት የማንንም ድጎማ አይጠብቅም።

የትኛው ለየትኛው ከተማ

ዙሪያው ገና እርሻ የሆነ፣ ሜዳማና ከ300,000 በታች ነዋሪ ያለው ከተማ ያለ ማመንታት መረቡን ይቀይስ፣ ተከትሎም ትንንሽ ቦታ ይሸንሽን። ሐይቅ፣ ገደል ወይም ረግረግ ያለበት ከተማ መጀመሪያ የማይገነባበትን ከልሎ ከዚያ መንገዱን ያውጣ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ረግረጉ ርካሽ መሬት ስለሆነ ቀድሞ ይያዛል።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለው ከተማ የተለየ ጥያቄ አለበት። እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲቀጥር ታስቦ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የሐዋሳ ፓርክ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶችን ሲሰበስብ አብዛኞቹ ያደሩት በፓርኩ ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች፣ በግለሰብ ግቢ ውስጥ በተሠሩ የጓሮ ክፍሎች በጋራ ተከራይተው ነው። ደመወዛቸው ለኮንዶሚኒየም ቅድመ ክፍያ አይበቃም። ስለዚህ በፓርኩ ዙሪያ ባሉት ብሎኮች ባለይዞታው የኪራይ ክፍሎችን ጨምሮ እንዲሠራ ፈቃድ ማቅለል፣ መጸዳጃና የአየር መግቢያ ላይ ግን ጥብቅ መሆን ከማንኛውም የመንግሥት ግንባታ በፊት ውጤት ያስገኛል። የሠራተኛዋ ኪራይ በገበሬው ወይም በአነስተኛ ባለይዞታው ኪስ ስለሚገባም የመሬት ለቃቂውን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል።

ዳርቻው ግማሹ የተያዘበት ከተማ ደግሞ ሁለት ካርታ ያስፈልገዋል፤ በተያዘው በኩል የማሻሻያ፣ ባልተያዘው በኩል የመረብ። ሁለቱን ደባልቆ አንድ ወጥ መመዘኛ ማስፈጸም የመጀመሪያውን ሰፈር በማፍረስ ክርክር ሲጠምድ ሁለተኛው በዚያው ጊዜ ያልቃል።

ማንኛውም ከተማ መረቡን ሲጀምር በመጀመሪያው ዓመት ካሳውን ሙሉ በሙሉ ሊከፍልበት የሚችለውን ርዝመት ብቻ ይቀይስ። ያልተከፈለበት መስመር ላይ የተተከለ ችካል ደላላ የትኛው ቦታ ዋጋ እንደሚኖረው ከማመልከት ሌላ አይሠራም። ካርታው በማዘጋጃ ቤቱ መሳቢያ ሳይሆን በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ገበሬው መስመሩ በማን ማሳ እንደሚያልፍ ሲያውቅ የባለሥልጣን ዘመድ ማሳ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይታጠፍ እንደሆነም ያያል። በየዓመቱ ከመስከረም በኋላ፣ ሰማዩ ሲጠራ የተነሣ የሳተላይት ምስል ከተቀየሰው መስመር ጋር ይመሳከር። በዓመቱ ውስጥ በግንባታ የተያዘው የመንገድ ርዝመት አዲስ ከተከፈተው ከበለጠ የቀጣዩ ዓመት የመንገድ በጀት ከመሃል ከተማው አስፋልት ወደ ዳርቻው ካሳ ይዛወር።